ከአልጋው ሥር የታፈሰ ዱቄት

ቃሉን የተማርሁት ነገሩን ለሰው ካጠጣሁ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ፍራስ ይባላል፤ የፈረንጅ ቃል ነው። ነፍሳት በልተው የሚጥሉት ማለት ነው፤ ኩሳቸው።

እኛ የገጠር ልጆች ለዚህ ዓይነት ነገር ስም አናጣም። የላሟ እበት ነው፣ የአህያው ፋንድያ፣ የፍየሏ በጠጥ፣ የዶሮዋ ኩስ። እበቱ ከሽንት ጋር በረት ውስጥ ሲረጋገጥ ደግሞ አዛባ ይሆናል። ይህን ሁሉ ስም ያወጣንለት ስለምንዝቀው ነው፤ ስለምንለስንበት፣ ስለምናነድደው፣ ጓሮ ስለምንደፋው። የነቀዝንና የትልን ማን ይዝቀዋል? ማንም። ስለዚህ አንድ ቀን በዓይናችን ባየነው ጊዜ ሌላ ነገር መሰለን። የመሰለን ነገር የሰው ትዳር አፈረሰ፤ ልጅ ከእናቷ ነጠለ።

እናቴ የምትኖረው ከፍኖተ ሰላም በባጃጅ ወጥተው የቀረውን በእግር በሚጨርሱት ገጠር ነው። አብሯት የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ ከተማ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ችግኝ ጣቢያ በቀን ሥራ እውላለሁ፤ አፈር እነፋለሁ፣ ፕላስቲክ እሞላለሁ፣ ውኃ አጠጣለሁ። ልጅ አልወለድሁም። ፊደል የቆጠርሁትም ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። የማዳበሪያ ጆንያና የዘር ከረጢት ላይ የተጻፈውን እያየሁ፣ ያልገባኝን ያገኘሁትን ሰው እየጠየቅሁ ነው።

ወንድሜ ያገባት ልጅ ቡሬ አጠገብ ከሚያርሱ የአዊ ቤተሰቦች ናት። አማርኛዋ ከኛ አይለይም፤ ስትደነግጥና ሕፃን ስታባብል ግን አገውኛ ያመልጣታል። አባቷ ቀርከሃ ሠሪ ነው። ቅርጫት ይሠራል፣ ወንበር ይሠራል፣ አልጋ ይሠራል። እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ ምራቷን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣቻት።

«አባትሽ ለአገሩ ሁሉ አልጋ ይሠራል አሉ» ትላታለች፣ ባቄላ እየለቀመች። «ልጁን ግን ባዶ እጇን ሰደደልኝ። እኔ እዚህ መደብ ላይ ወገቤ ተቆርጦ ልሙት፤ ምን ገዶት!»

«እልክበታለሁ እማዬ» ትላለች ልጅቱ።

«መቼ? ሬሳዬን ልታወጡበት?»

ላከች። አባቷ የመለሰው «ክረምቱ ይውጣ፤ ዝናብ የጠገበ ቀርከሃ ቢቆረጥ አይበረክትም» የሚል ነበር። ጊዜው ሐምሌ ነው። ቀርከሃ የሚያውቅ ሰው በክረምት አይቆርጥም፤ በበጋ ቆርጦ፣ በደንብ አድርቆ ነው የሚሠራበት። እናቴ ለዚህ ጆሮ አልነበራትም። «ክረምቱ ሳይወጣ እኔ እወጣለሁ» ብላ ደጋግማ አስላከች። ልጅቱ ሁለተኛ የላከችው መልእክት ምን እንደነበር አላውቅም። ሰውየው ግን ነሐሴ ላይ አልጋውን በፈረስ ጋሪ ጭኖ ራሱ ይዞት መጣ። ማለፊያ አልጋ ነበር። እናቴ ተጋደመችበት፣ ተገላበጠች፣ ከዚያ «እግሩ አጠረ» አለች። ሰውየው ሳቀ። ከእናቴ ጋር የተሳሳቀው በዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከጥቅምት ወዲህ ከአልጋው ሥር ዱቄት መታየት ጀመረ። ነጣ ያለ፣ የላመ፣ በጣት ቢያሹት የስንዴ ዱቄት የሚመስል። ጠዋት ይጠረጋል፤ በማግሥቱ እዚያው ቦታ ሦስት አራት ትንንሽ ቁልል ሆኖ ይገኛል። ቤቱን የምትጠርገው ምራታችን ናት። እናቴ ደግሞ በወገቧ ላይ ሳል ተጨምሮባት ነበር። ዱቄቱን፣ ሳሉንና መጥረጊያውን የያዘችውን እጅ አገናኘቻቸው።

ወንድሜ ሊጠራኝ ከተማ ድረስ መጣ። «እታለም፣ እናታችን መድኃኒት ተደርጎባታል» አለኝ በሬ ላይ ቆሞ።

«ማን አደረገባት?»

መሬት መሬት ያያል። «እኔ ምን አውቃለሁ። እሷ ናት ትላለች።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ…» አለና ባርኔጣውን አዟዟረ። ከሚስቱ ጋር ሦስት ዓመት ኖሯል፤ ሴት ልጅ ወልደዋል፤ ሕፃኗ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ ጡትም አልጣለችም። ወንድሜ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እናታችን የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አያውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሎች ግቢያችን ውስጥ ተቀመጡ። እኔ የተጠራሁት ታላቅ ነኝና፣ ከተሜ ነኝና፣ ማንበብም እችላለሁና ነው። ሕፃኗ ደረቴ ላይ ተኝታለች። ምራታችን ቆማለች።

«ነቀዝ ነው» አለች ሲጠይቋት። «ቀርከሃው በክረምት ስለተቆረጠ ነው። አባቴ ቀድሞ ተናግሯል። ነቀዝ ነው፤ ሌላ ነገር አይደለም።»

«ሰማችሁ?» አለች እናቴ። «የነቀዘ አልጋ ነው የሰደድንልሽ አለችኝ! በፊቴ!»

«ነቀዝ የሚበላው እህል ነው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ቀርከሃ ምን ሊጣፍጠው ይበላዋል? በዪ ካለ አሳዪና።»

አልጋው ወደ ውጭ ወጣ። ወንድሜ ገለበጠው፤ በዱላ መታው። ዱቄት ረገፈ፤ ትል አልወደቀም። ቀዳዳ እንዳለ ፈለጉ። ቀዳዳዎቹ ከመርፌ ዓይን የማይበልጡ ናቸው፤ የሽማግሌ ዓይን አያያቸውም። እኔ አይቻቸዋለሁ። በአንዱ አንጓ ላይ አራት ሆነው ተደርድረዋል፤ ካንዱ ቀዳዳ ሥር ዱቄት ተንጠልጥሎ ነበር። አየሁና ዝም አልሁ። ሕፃኗ እጇን አንገቴ ውስጥ አስገብታ ነበር፤ ሞቅ ያለች ነበረች። ዝም ያልሁበትን ምክንያት ከዚያ የተሻለ አድርጌ ልነግራችሁ አልችልም።

ልጅቱ ሰው ሁሉ ሲያፈጥባት ግራ ገባት። ነገሩ በነሱ አገር ስም አለው መሰለኝ፤ በአገውኛ አንድ ቃል ተናገረች። ቃሉን ዛሬ አላስታውሰውም። እናቴ ከበርጩማዋ ብድግ አለች፦

«ይኸው! ደገመችብኝ! በፊታችሁ ደገመችብኝ!»

«ዱቄቱ መድኃኒት ካልሆነ ምን ያስፈራታል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ትጠጣው።»

ማን ያፍሰው ሲባል ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ሕፃኗን ለእናቴ ሰጥቼ ገባሁ። ከአልጋው ሥር የነበረውን በደብተር ወረቀት ጠርጌ አፈስሁ፤ ግቢው ላይ የረገፈውንም ጨመርሁበት። በጣሳ ውኃ ውስጥ ስነሰንሰው ተንሳፈፈ፤ አልዋሐድ አለ። በጣቴ አማሰልሁት።

«ጠጪ» አልኋት።

«እርስዎም?» አለችኝ።

«ጠጪና ይለቅልሽ።»

ጠጣችው። ሁለት ጊዜ አነቃትና ሳለች፤ ጣሳውን ግን ሳታስቀምጥ ጨረሰች። ከንፈሯ ዙሪያ ዱቄት ቀረ። እንድትጠርገው ነጠላዬን ልሰጣት ፈልጌ ነበር፤ ሰው ያየኛል ብዬ ተውሁት። ከዚያ ተቀምጠን ጠበቅን። ሽማግሎቹ ጠላ ተቀዳላቸው፤ ስለ በቆሎ ዋጋ አወሩ፤ አንደኛው እንደውም ቀልድ ተናገሩና ሁለቱ ሳቁ። ልጅቱ ፀሐይ ላይ ቆማ ቀረች። ወንድሜ የጓሮውን አጥር ይጠጋግን ነበር፤ አጥሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ምንም ሳትሆን ቀትር አለፈ። እኔ ነጻ የወጣች መስሎኝ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መድኃኒቱን የሠራ ሰው መፍቻውን ቀድሞ ይጠጣል» አሉ። «ሌላ ሰው ቢጠጣው ኖሮ አንድ ነገር ይሆን ነበር።»

ብትታመም ተይዛ ነበር፤ ስላልታመመች ተያዘች።

ዕቃዋን እንድትሰበስብ ተነገራት። ሕፃኗን ልትቀበል እጇን ወደ እናቴ ስትዘረጋ እናቴ ጀርባዋን ሰጠቻት።

«ልጅቱ ከአባቷ ቤት አትወጣም።»

«ጡት አልጣለችም እኮ እማዬ።»

«ዛሬ ጣለች።»

ወንድሜ ጥቅሏን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ሸኛት። ሲመለስ ጠየቅሁት። «ምን አለችህ?»

«ጡቴን አመመኝ አለች» አለ። ከዚያ ገብቶ በሬዎቹን አጠጣ።

እናቴ ወገቧን ያማታልና ሕፃን አትችልም። ማታ ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ያንቺ ትሁን። ያጣሽውን አገኘሽ» አለችኝ። ምርቃት ነበር የመሰለኝ።

ሕፃኗን ፍኖተ ሰላም ወሰድኋት። የመጀመሪያውን ሳምንት አለቀሰች፤ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ወደ በር ትሮጣለች። በሁለተኛው ሳምንት ከኔ እጅ መብላት ጀመረች። ወር ሳይሞላት «እማ» አለችኝ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ሳምንት የችግኝ ጣቢያውን ሴቶች በሙሉ ዳቦ አበላሁ። ልጄ ናት እያልሁ አልዋሸሁም፤ ልጅሽ ናት ወይ ሲሉኝ ግን አይደለችም አላልሁም።

ዱቄቱ ግን መውረዱን አላቆመም። እናቴ ምራቷ ከሄደች በኋላም በየጠዋቱ ከአልጋው ሥር ታገኘው ነበር። «የቀበረችው አለ» አለች። ወንድሜ ከአልጋው ሥር የነበረውን መሬት በዶማ ቆፈረ፤ ክንድ ያህል ወረደ፤ አንድ የተሰበረ የሸክላ ቁራጭ አገኘ። ሸክላው ለሽማግሎቹ ታየ። ሽማግሎቹ «ይኸው» አሉ። ጥር ሲገባ ወንድሜ ሌላ አገባ።

ግንቦት ላይ አንዲት ወጣት የግብርና ባለሙያ ችግኝ ጣቢያችን መጥታ ስለ ተባይ ታስተምረን ጀመር። ጥቁር ሰሌዳውን ዛፍ ላይ አስደግፋ አንድ ቃል ጻፈችበት። እኔ ቀድሜ ጮክ ብዬ አነበብሁት። «ፍ-ራ-ስ።»

«ጎበዝ እማማ። ፍራስ ማለት ነፍሳት በልተው የሚጥሉት ነው። ኩስ ብቻ አይደለም፤ ሲቦረቡሩ የሚፈጩትም አብሮ ይወጣል። በእንጨት ላይ ከሆነ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ አንድ ላይ ፍራስ እንለዋለን።»

«ኩስ ካጠኑ አይቀር ደመወዙ ስንት ነው?» አለች አንዷ፤ ሳቅ ሆነ።

ባለሙያዋም ሳቀች። «ብዙ ይናገራል እኮ! በበቆሎው እምብርት ውስጥ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ካያችሁ የተምች ፍራስ ነው። ከግንድ ላይ ክር ክር እያለ የሚወጣ ካያችሁ ግንድ ቦርቧሪ ነው። ትሉን አትፈልጉ፤ ትሉ ውስጥ ስለሆነ አታገኙትም። ፍራሱን እዩ። ነጣ ካለ ትኩስ ነው፤ በዪው አሁንም እየበላ ነው። ከጠቆረ ቆይቷል።»

«ቀርከሃስ ላይ?» አልሁ።

«ቀርከሃ ላይማ እንደ ስንዴ ዱቄት የላመ ነው፤ ትንንሽ ቁልል ይሠራል። በክረምት የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል፤ ለነሱ የሚጥማቸው ምግብ በውስጡ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው።»

«ሰው ቢጠጣውስ?»

«ምኑን?»

«ፍራሱን። በውኃ።»

ሁሉም አንድ ላይ በሳቅ ፈነዱ። ባለሙያዋ ሳቋን ለመዋጥ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ኧረ ማን ይጠጣዋል እማማ!» እኔም ሳቅሁ። ሳልስቅ ብቀር ይጠይቁኛል ብዬ ሳቅሁ።

በማግሥቱ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። አልጋው ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ዱቄቱ አለ፤ ነጭ ነው። የተማርሁትን አንድ በአንድ ነገርኋት።

«ማን አለሽ?»

«ባለሙያዋ። ተምራ የመጣች።»

«ስሙን ማን አልሽኝ?»

«ፍራስ።»

በአፏ አመላለሰችው። «ፍራስ» አለች፤ ደግማ «ፍራስ» አለች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «እንዲያ ከሆነ ነዋ። ለካ ስም ያለው ነገር ነው።»

አመነች! በአንድ ቃል አመነች።

«እሷም እኮ ይህንኑ ብላ ነበር!»

«እሷ መች እንዲህ አለች? ነቀዝ ነው ያለች።»

«ያው እኮ ነው እናቴ!»

«ጩኸቱን ተይ። አሁን ምን አድርጊ ነው የምትይኝ? ሌላይቱ አርግዛለች። ሽማግሎቹን በየቤታቸው ዞረሽ ተሳስታችኋል ልትያቸው ነው? አንዱ እኮ ሞተዋል።» ተገላበጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ልጅቱን እንደሆነ ለራስሽ ነው የሰጠሁሽ። ብትፈልጊ መልሺያት፣ ብትፈልጊ አሳድጊያት። እኔን ምን ቸገረኝ።»

ነገሩ እኔ እጅ ላይ ወደቀ። እናቴ ትከለክለኛለች ብዬ ነበር የሄድሁት፤ ብትከለክለኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ሳምንት ቆየሁ። ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ለሕፃኗ ጫማ ገዛሁላት። ዝናቡ እየመጣ ነው፤ መንገዱ ይበላሻል፤ ክረምቱ ይውጣ አልሁ። ችግኝ ጣቢያ ደግሞ ሴቶቹ ያን ጥያቄዬን መጫወቻ አድርገውት ነበር። ሻይ በተቀዳ ቁጥር አንዷ ትነሣና «ላንቺ ፍራስ ላድርግበት?» ትላለች፤ ሌሎቹ ይንከተከታሉ። ክፋት የላቸውም፤ አያውቁም። በአራተኛው ሳምንት ይህንኑ ስትለኝ የያዝሁትን ሻይ መዋጥ አቃተኝ። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በነጋታው ሕፃኗን አጥቤ፣ አዲሱን ጫማ አድርጌላት፣ በሚኒባስ ቡሬ ገባን፤ ከዚያ በእግር።

ምራታችን ደጅ ተቀምጣ ቀርከሃ ትሰነጥቅ ነበር። ከስታለች። አየችኝ፤ ከዚያ ከኔ ጀርባ ነጠላዬን ጨብጣ የቆመችውን አየች። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። አልሮጠችም፤ እዚያው ቀስ ብላ ተነሣች።

እኔ ደግሞ የሚቀድመው ጠፋኝና የማይረባውን ቀደምሁ። «ነቀዝ ነው ያልሽው እውነት ነው። ባለሙያ ነገረችን። ፍራስ ይሉታል…»

«ይህን ሊነግሩኝ ነው የመጡት?» አለችኝ። «እኔ የነገርኋችሁን?»

«ልጅሽን ይዤልሽ መጥቼ ነው።»

በርከክ አለች። በአገውኛ አናገረቻት፤ ድምፅዋ ድሮ የማውቀው የማባበያ ድምፅ ነው። ሕፃኗ አልገባትም። ሰባት ወር ከኔ ጋር ስትኖር ያን ቋንቋ ማን አናገራት? «ነይ» አለቻት በአማርኛ። «ነይ የኔ እናት።» ሕፃኗ ይበልጥ ወደኔ ተጠጋችና ነጠላዬን ፊቷ ላይ ሸፈነች።

«እማ፣ እንሂድ» አለች።

ለኔ ነው ያለችው። ምራታችን ሰማች። ፊቷ ላይ የሆነውን ላለማየት የተሰነጠቀውን ቀርከሃ አየሁ።

«እስክትለምድሽ ሁለት ቀን ልደር» አልሁ። «ለሷ ብዬ ነው።»

«እኔ ስወጣ እስክትለምዳቸው ሁለት ቀን እደሪ ያለኝ ሰው ነበር?»

«እርስዎ እያሉ ወደኔ አትመጣም» አለች። አልጮኸችም፤ አንቱታዋንም አላጓደለችም። «ይሂዱ።»

ቀረበችና የሕፃኗን ጣቶች ከነጠላዬ ላይ አንድ በአንድ ታላቅቅ ጀመር። አንዱን ስታላቅቅ ሌላው ይይዛል። እኔ ልረዳት እጄን ስሰድድ «አይንኩብኝ» አለችኝ። ሁሉንም አላቀቀችና አቀፈቻት። ሕፃኗ በአዲሱ ጫማ የእናቷን ሆድ እየመታች፣ ደረቷን እየገፋች «እማ! እማ!» ትላለች፤ ሁለቱ እጆቿ ወደኔ ተዘርግተዋል። እናቷ ዓይኗን ጨፍና ይዛታለች።

«ዞረው እንዳያዩዋት። ይሂዱ።»

ሄድሁ። አልዞርሁም። ጩኸቱ አጥሩ ድረስ ተከተለኝ፤ ከአጥሩ እስከ ወንዙ መውረጃ ተከተለኝ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ቆመ። ተባብላ ይሁን፣ ደክሟት ይሁን፣ ወደ ቤት ይዛት ገብታ ይሁን አላወቅሁም። ቆሜ አዳመጥሁ፤ የሚሰማው ወንዙ ብቻ ነው። ተመልሼ እንዳልጠይቅ ከዚያ ግቢ ፊት የምቆምበት መብት የለኝም። ወንዙን ተሻገርሁ።